«ኢንጂነሪንግ» እና «ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ»፦ ቴሌኮሙኒኬሽን ለመማር ላሰቡ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂው አገር ቤት ሳሉ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ ሦስት ዓመት ተምረው አቋርጠዋል። አሁን ግሪን ካርድ ይዘው በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ይኖራሉ፤ ማታ ማታ በመኪና ማቆሚያ ይሠራሉ። ወደ ትምህርት ለመመለስ ሲያስቡ የኮሌጅ አማካሪያቸው «ቴሌኮሙኒኬሽን ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ» የሚባለውን ዘርፍ ጠቆሟቸው፤ አጎታቸው ግን «እሱ የቴክኒሻን ዲግሪ ነው፤ አትልፋበት» አሏቸው። ስለዚህ አራት ነገር ጠይቀዋል፦ ይህ ዲግሪ ከኢንጂነሪንግ ያንሳል ወይ? ከሰባት ዓመት በኋላ ሒሳቡን እችለዋለሁ ወይ? ሁሉም ነገር ሶፍትዌር በሆነበት ዘመን ቴሌኮም ሥራ አለው ወይ? አንድ ቀን አገሬ ብመለስስ ያገለግለኛል ወይ?

እኔ በኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ ተመርቄ በፋይበር ትራንስሚሽን፣ ማለትም መረጃን በቀጭን የመስታወት ክር በብርሃን በማስተላለፍ ሥራ ላይ አሥራ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ፤ አብረውኝ ከሚሠሩት መካከል ግማሽ ያህሉ በኢንጂነሪንግ የተመረቁ ናቸው። በየቀኑ የምንሠራው ሥራ አንድ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ ዲግሪዎች የሚከፍቷቸው በሮች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ የትኛው በር እንደሚዘጋ አስቀድሞ ሳያውቁ መግባት ደግሞ ኋላ ዓመታትን ያስከፍላል። አጎትዎ የሰጡት ምክር ትክክል ባይሆንም ከአሳቢነት የመጣ ስለሆነ፣ እውነት የሆነውን ክፍል ከተሳሳተው ለይቼ ላስረዳ።

በአሜሪካ የምህንድስና ትምህርት ፕሮግራሞችን ገምግሞ እውቅና የሚሰጠው ኤቤት የተባለው ድርጅት ነው። በውስጡ ካሉት ኮሚሽኖች አንዱ፣ ኢ.ኤ.ሲ. የሚባለው፣ የኢንጂነሪንግ ፕሮግራሞችን ይገመግማል፤ ኢ.ቲ.ኤ.ሲ. የሚባለው ደግሞ የኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ ፕሮግራሞችን ይገመግማል። ሁለቱም የአራት ዓመት ባችለር ዲግሪዎች ናቸው። ልዩነቱ ትምህርቱ በሚያተኩርበት ነገር ላይ ነው። የኢንጂነሪንግ ተማሪ የኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድን ከማክስዌል እኩልታዎች ተነሥቶ ይማራል፤ ሦስት ካልኩለስ፣ ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን፣ ሊኒየር አልጀብራና ፕሮባቢሊቲ ይወስዳል፤ አዲስ ሥርዓት ለመንደፍ ይዘጋጃል። የኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ ተማሪም ካልኩለስ ይማራል፤ ነገር ግን የቲዎሪው ጥልቀት ቀንሶ የላቦራቶሪው ሰዓት ይጨምራል፤ ትኩረቱ ያለውን ሥርዓት መትከል፣ መለካት፣ ማስተካከልና ማሳደግ ላይ ነው። «የቴክኒሻን ዲግሪ» የሚለው አባባል ውሃ የማያነሳው ለዚህ ነው፤ ቴክኒሻን ብዙውን ጊዜ የሁለት ዓመት ወይም ከዚያ ያነሰ ሥልጠና ያለው ባለሙያ ሲሆን፣ የዚህ ዲግሪ ባለቤት ግን ቴክኒሻኑ ለምን እንዲያ እንደሚለካ የሚያስረዳና ውጤቱን የሚተረጉም ሰው ነው።

አጎትዎ እውነት የሚኖራቸው በሦስት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ፒ.ኢ. የሚባለው የባለሙያ መሐንዲስ ፈቃድ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት ስለሆነ ደንቡ ይለያያል፤ አንዳንድ ግዛቶች የቴክኖሎጂ ምሩቅን ከኢንጂነሪንግ ምሩቅ የበለጠ የሥራ ልምድ ይጠይቁታል፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ አይቀበሉትም። በቴሌኮም ውስጥ ይህ ፈቃድ እንደ ሲቪል ምህንድስና በየዕለቱ የሚጠየቅ አይደለም፤ እኔ በሥራ ዘመኔ አንድም ጊዜ አልተጠየቅሁም። ሁለተኛው የፌዴራል መንግሥት ቅጥር ነው፤ እርስዎ በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ ደግሞ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በመንግሥት የሥራ ምደባ ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ የሚቀጠርበት የ0855 መደብ የኢንጂነሪንግ ዲግሪን ወይም የተወሰኑ ከፍተኛ ኮርሶችን መሟላት ይጠይቃል፤ የቴክኖሎጂ ዲግሪ በራሱ በቂ ሆኖ አይቆጠርም። በአንጻሩ የ0391 የቴሌኮሙኒኬሽን መደብ የኢንጂነሪንግ ዲግሪን ግዴታ አያደርግም። ሦስተኛው የማስተርስ ትምህርት ነው። በኢንጂነሪንግ ማስተርስ ለመማር የሚያመለክት የቴክኖሎጂ ምሩቅ ብዙ ጊዜ የጎደሉትን የሒሳብና የሲግናል ኮርሶች አስቀድሞ እንዲሞላ ይጠየቃል። በሩ አልተዘጋም፣ ግን መግቢያ ክፍያ አለው።

ይህን ክፍያ እኔ ራሴ ከፍዬዋለሁ። በሁለት ዓመት ኮሌጅ ሳለሁ «ቴክኒካል ካልኩለስ» የሚል ኮርስ ሁለት ጊዜ ተከታትዬ ጥሩ ውጤት አመጣሁ። ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስዛወር የመዝጋቢው ክፍል ኮርሱን በምርጫ ኮርስነት ብቻ መዘገበልኝ፤ ካልኩለስ አንድን ከመጀመሪያው እንድወስድ ተነገረኝ። ካልኩለስ አንድ ሳይያዝ ሰርኪውት ሁለት አይወሰድም፤ ሰርኪውት ሁለት ሳይያዝ ሲግናልና ሲስተም አይወሰድም፤ እንዲህ ተያይዞ አንድ ሙሉ ዓመት ሄደብኝ። ማንም አልዋሸኝም። የኮርሱን ስም አንብቤ ቁጥሩንና ይዘቱን ያላነበብሁት እኔ ነበርሁ፤ ሊነግረኝ ይገባ የነበረው አማካሪም አልነገረኝም። ስለዚህ ከምሰጥዎት ምክር ሁሉ አስቀድሜ የማስቀምጠው ይህንን ነው፦ የሚማሩት ሒሳብ ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የሚማሩት ካልኩለስ ይሁን። የቴክኖሎጂ ዲግሪ ቢይዙም ያንን ካልኩለስ ከያዙ የማስተርሱም በር የመንግሥቱም መደብ በር ገርበብ ብሎ ይቆይልዎታል።

አሁን ወደ ሒሳቡ ፍርሃት ልምጣ፤ ከጥያቄዎ ሁሉ በጣም የተሰማኝ እሱ ነውና። ሦስት ዓመት ኤሌክትሪካል የተማረ ሰው ሒሳቡን አያጣውም፤ ያጣው ልምምዱን ነው። በዚህ ሙያ ውስጥ በየቀኑ የሚሠራበት ሒሳብ ደግሞ ከካልኩለስ ይልቅ ሎጋሪዝም ነው፤ እሱም ዲሲቤል ይባላል። ዲሲቤል ማባዛትን ወደ መደመር የሚለውጥ አቆጣጠር ነው። ኃይል በእጥፍ ሲጨምር 3 ዲሲቤል እንላለን፣ አሥር እጥፍ ሲሆን 10፣ መቶ እጥፍ ሲሆን 20። የፋይበር ታሪክ ራሱ በዚህ ቋንቋ ይነገራል። ሳይንቲስቱ ቻርልስ ካዎ እ.ኤ.አ. በ1966 መስታወት ቢነጻ ብርሃንን ለመገናኛ ሊሸከም እንደሚችል ሲያሳዩ ያስቀመጡት ግብ በኪሎሜትር 20 ዲሲቤል ነበር፤ ይህም ማለት ከአንድ ኪሎሜትር በኋላ ከገባው ብርሃን ከመቶ አንድ እጅ ይተርፋል ማለት ነው። በ1970 ኮርኒንግ የተባለው ኩባንያ ይህን ግብ አለፈ፤ ካዎም በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ ተራ የሚባለው ሲንግል ሞድ ፋይበር በ1550 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት በኪሎሜትር 0.2 ዲሲቤል ያህል ብቻ ያጠፋል። ያን ጊዜ በአንድ ኪሎሜትር ይጠፋ የነበረው ብርሃን ዛሬ የሚጠፋው በመቶ ኪሎሜትር ነው።

ሥራ ላይ የሚገጥምዎትን ሒሳብ እንዳለ ላሳይዎ። 80 ኪሎሜትር የተራራቁ ሁለት ጣቢያዎች በፋይበር ይገናኙ እንበል። ላኪው ሌዘር 1 ሚሊዋት ያወጣል፤ ይህ ኃይልን ከ1 ሚሊዋት ጋር በሚያነጻጽረው የሙያው አቆጣጠር 0 ዲቢኤም ነው። ፋይበሩ 80 ጊዜ 0.2፣ ማለትም 16 ዲሲቤል ይወስዳል። ኬብሉ በጥቅል በጥቅል ስለሚመጣ መንገድ ላይ ሃያ ያህል ቦታ ይገጣጠማል፤ እያንዳንዱ ስፕላይስ 0.05 ቢወስድ በጠቅላላው 1 ዲሲቤል ይሆናል። በሁለቱ ጫፍ ያሉት ኮኔክተሮች ግማሽ ግማሽ ዲሲቤል ይወስዳሉ። ድምሩ 18 ነው፤ ስለዚህ ተቀባዩ ዘንድ የሚደርሰው ከዜሮ በታች 18 ዲቢኤም ነው፤ ከተላከው ብርሃን ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። ተቀባዩ እስከ ከዜሮ በታች 24 ድረስ ማንበብ የሚችል ከሆነ 6 ዲሲቤል ይተርፈናል። ከዚያ ላይ ሦስቱን ለወደፊት እናስቀምጣለን፤ ምክንያቱም መንገድ ሲቆፈር ኬብሉ ይቆረጣል፣ በተቆረጠ ቁጥር ደግሞ አዲስ ስፕላይስ ይጨመራል። ይህ «ሊንክ በጀት» ይባላል። መደመርና መቀነስ ነው፤ ነገር ግን ይህን ሳይሠራ ዕቃ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ገንዘቡን መሬት ውስጥ ይቀብራል።

ትንሽ ከፍ ያለውም ሒሳብ ቢሆን የሚደረስበት ነው። የሒሳብ ሊቁ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳተመው ቀመር አንድ የመገናኛ መስመር ያለ ስህተት ሊሸከም የሚችለውን ከፍተኛ መጠን ይነግረናል፤ የሚወሰነውም በመስመሩ ስፋትና በሲግናሉና በኖይዙ፣ ማለትም ሲግናሉን በሚረብሸው ጫጫታ፣ ንጽጽር ነው። 20 ሜጋኸርዝ ስፋት ባለው የሞባይል ቻናል ላይ ሲግናሉ ከኖይዙ መቶ እጥፍ ከበለጠ ጣሪያው በሰከንድ 133 ሜጋቢት ያህል ነው፤ ሲግናሉና ኖይዙ እኩል ሲሆኑ ወደ 20 ሜጋቢት ይወርዳል። ስልክዎ ምድር ቤት ባለ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሲንቀራፈፍ እያዩት ያሉት ይህንኑ ነው፤ የቻናሉ ስፋት አልተለወጠም፣ የተለወጠው ንጽጽሩ ነው።

ላቦራቶሪው የዚህ ዲግሪ ነፍስ ነው ብዬ ስለማምን ስለ እሱ ትንሽ ልበል። የመጀመሪያው የፋይበር ላብ ቀን ፋይበሩን ልባሱን ገፍፎ፣ በአልኮል ጠርጎ፣ በመቁረጫው በቀጥታ ቆርጦ ማሽኑ ውስጥ ማስገባት ነው። የተገፈፈው መስታወት ውፍረት 125 ማይክሮሜትር ነው፤ ብርሃኑ የሚሄድበት እምብርት ግን 9 ማይክሮሜትር ያህል ብቻ ነው። ማሽኑ ሁለቱን ጫፎች በኤሌክትሪክ ብልጭታ አቅልጦ ያዋህዳቸውና «0.03» ብሎ ኪሳራውን በስክሪኑ ላይ ይጽፋል። በእኔ ክፍል አንዱ ተማሪ ሁሉንም በትክክል ሠርቶ መለኪያው 4 ዲሲቤል ጎደለብህ አለው። ስፕላይሱን ሦስት ጊዜ ፈትቶ ደገመው። መምህራችን ምንም ሳይናገሩ የኮኔክተሩን ጫፍ በማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጠው እንዲያይ ጋበዙት፤ የራሱ የጣት ወዝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳልጠርግ የሰካሁት ኮኔክተር የለም። እንዲህ ያለውን ነገር መጽሐፍ ይጽፈዋል፣ እጅ ካልነካው ግን አይያዝም። የቴሌኮም ዕቃዎች ለምን ከዜሮ በታች 48 ቮልት በሆነ ቀጥተኛ ኃይል እንደሚሠሩም የሚገባዎት የባትሪ ክፍል ውስጥ ገብተው አራት የ12 ቮልት ባትሪዎች በተርታ ተቀጥለው ሲያዩ ነው፤ አዎንታዊው ወገን ከመሬት የተያያዘው ጥንት የመዳብ ሽቦዎች በእርጥበት እንዳይበሉ ለመከላከል ነበር። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሲመርጡ የላቦራቶሪውን ክፍል ገብተው ለማየት ይጠይቁ። ማሳየት የማይፈልግ ክፍል ካጋጠመዎ ያን ትምህርት ቤት ይተዉት።

ስለ መንገዱ። በአካባቢዎ ያለው ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ብዙዎቻችን ኖቫ የምንለው፣ ሁለት ዓይነት የሁለት ዓመት ዲግሪ አለው። «አሶሼት ኦፍ ሳይንስ» ለዝውውር የተዘጋጀ ሲሆን «አሶሼት ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ» በቀጥታ ለሥራ የተዘጋጀ ነው። ሁለተኛው ወደ ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ ባችለር ብዙ ጊዜ ይዛወራል፣ ወደ ኢንጂነሪንግ ግን በአብዛኛው አይዛወርም። በኖርፎክ ያለው ኦልድ ዶሚኒየን ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂን በኦንላይን ስለሚያስተምር እንደ እርስዎ ላሉ ሠራተኛ ተማሪዎች ይመቻል። «ቴሌኮሙኒኬሽን ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ» የሚለውን ስም በዲግሪው ላይ ካላዩ አይደንግጡ፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች ይዘቱ በኤሌክትሪካል ወይም በኔትወርክ ሥር ተጠቃልሎ ይሰጣል። ሩቅ መሄድ የሚችሉ ቢሆን ኖሮ በኒው ዮርክ ግዛት ያለውን የሮቸስተር ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂን እጠቁም ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ተማሪዎቹን በደመወዝ ወደ ሥራ እየላከ የሚያስተምር ነው። ነገር ግን ከሥራዎና ከኑሮዎ ተነቅለው ይሂዱ ብዬ አልመክርም።

ሥራ አለው ወይ ላሉት፣ አለው፤ መልኩ ግን ተለውጧል። የመዳብ ስልክ መስመር እየተነሣ ነው፤ ትልልቆቹ የሞባይል ኩባንያዎች የ3ጂ አገልግሎታቸውን በ2022 ዘግተዋል፤ የስልክ ማዞሪያ መሣሪያ (ስዊች) ይንከባከብ የነበረ ሰው አሁን ሶፍትዌር ይንከባከባል። በአንጻሩ የኮንግረስ የ2021 የመሠረተ ልማት ሕግ ለብሮድባንድ ማስፋፊያ 42.45 ቢሊዮን ዶላር መድቧል። ከእርስዎ ቤት በመኪና ብዙም የማይርቀው የላውደን ካውንቲ ደግሞ በዓለም ትልቁ የዳታ ሴንተር መንደር ነው። ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ ከመጀመሪያዎቹ የኢንተርኔት መገናኛ ነጥቦች አንዱ፣ ሜይ ኢስት፣ በ1992 የተቋቋመው በዚያው በሰሜን ቨርጂኒያ ስለነበር ፋይበሩ አስቀድሞ እዚያ ተከማችቷል። እያንዳንዱ ዳታ ሴንተር በሺዎች የሚቆጠሩ የፋይበር ጫፎች አሉት፤ እነዚያን የሚጠርግ፣ የሚለካና የሚመዘግብ ሰው ይፈልጋል። በኔትወርክ መቆጣጠሪያ ማዕከላት የሌሊት ፈረቃ ለጀማሪ ክፍት የሚሆነው ቀን የለመደ ሰው ስለማይፈልገው ነው፤ እርስዎ ማታ መሥራት የለመዱ መሆንዎ እዚህ ላይ ይጠቅምዎታል። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይወቁ፦ በዚህ አካባቢ ለመንግሥት የሚሠሩ ኩባንያዎች የሚያወጡት ብዙው ማስታወቂያ የደኅንነት ማጣሪያ ይጠይቃል፤ ለዚያ ዜግነት ያስፈልጋል። የዜግነት ማመልከቻዎን ከትምህርቱ ጎን ለጎን ያስኪዱ።

አገር ቤት መመለስን በሚመለከት ብዙ የምጨምረው የለም። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የተዘረጋው የመጀመሪያው የስልክ መስመር ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ዘርፉ በአንድ የመንግሥት እጅ ነበር፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ቀጣሪው ከአንድ በላይ ሆኗል። የውጭ ዲግሪ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በኩል አቻ ግምት ይሠራለታል። አገር ቤት የኢንጂነሪንግ ዲግሪ አምስት ዓመት እንደሚፈጅ ያስታውሱና የኮርስ ዝርዝርዎን በጥንቃቄ ያስቀምጡ፤ «ቴክኖሎጂ» የምትለዋ ቃል ጥያቄ ብታስነሣ መልሱ ዝርዝሩ ነው።

አሁን መጀመር የሚገባዎትን ልንገርዎ። የሦስት ዓመቱን ትራንስክሪፕት ከነኮርስ መግለጫው ከቀድሞ ዩኒቨርሲቲዎ በታሸገ ፖስታ ያስልኩ፤ ደብዳቤ ጽፎ መጠበቅ ስለማያዋጣ መዝገብ ቤት ድረስ ሄዶ የሚከታተል ዘመድ ይወክሉ። ሰነዱን በኮርስ በኮርስ የሚገመግም ድርጅት እንዲያየው ያድርጉ፤ ጥቅል ግምገማው ዲግሪ ላልጨረሰ ሰው አይጠቅምም። ባችለሩ በአብዛኛው 120 ክሬዲት ነው። ከአገር ቤት 40 ያህሉ ቢያዝልዎ 80 ይቀራል፤ የሰመሩን ትምህርት ጨምረው በዓመት 24 ክሬዲት ቢወስዱ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ አይወስድብዎትም። ግሪን ካርድ ስላለዎት ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት ገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ ይሙሉ፤ ፔል ግራንት በ2024–25 የትምህርት ዘመን እስከ 7,395 ዶላር ይሰጥ ነበር፤ የማይመለስ ገንዘብ ነው። ገና ትምህርቱ ሳይጀመር የሙያው ጣዕም እንዲገባዎ ደግሞ የአማተር ሬዲዮን የመጀመሪያ ደረጃ ፈቃድ ይፈተኑ፤ ጥያቄዎቹ 35 ናቸው፣ 26 የመለሰ ያልፋል፣ ዜግነት አይጠየቅም። ኮሌጁ የሒሳብ ደረጃዎን ከመወሰኑ በፊትም ትሪጎኖሜትሪና ሎጋሪዝምን ሁለት ሳምንት በየማታው አንድ ሰዓት ይከልሱ፤ ከቅድመ ካልኩለስ ይልቅ ካልኩለስ አንድ ላይ ከተመደቡ አንድ ሴሚስተር ያተርፋሉ።